ወደ ግራ ያጋደለ ፒክአፕ፦ ከመለኪያ እስከ ጥገና የሥራ ማስታወሻ

መኪናው

ከፊት ቶርሽን ባር (ተጠምዝዞ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ያለው፣ ባለ አንድ ጋቢና የቆየ የናፍጣ ፒክአፕ። መሪው በግራ ነው፣ የነዳጅ ታንኩም በግራ። ከኋላ ቆመው ሲያዩት ወደ ግራ አጋድሏል፤ በፊት ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መከለያዎቹ) ጠርዝ ሲለካ ግራው ከቀኙ 5 ሴ.ሜ ያህል ይወርዳል። የቆዩት ኢሱዙ ቲ.ኤፍ.አር፣ ኒሳን ዲ22 እና ሚትሱቢሺ ኤል200 አሠራራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አካሄዱ ለእነሱም ይሠራል። ቁጥሮቹ ግን የዚህ መኪና ብቻ ናቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ የግራውን ቶርሽን ባር የከፍታ ማስተካከያ ቡሎን ያጠብቁና መኪናው ለዓይን ቀጥ ሲል ይለቁታል። እዚህ ያ ቡሎን እስከ ሥራው ማብቂያ አይነካም። የፒክአፕ ሻንሲ (ሁሉም ነገር የሚያርፍበት አጽም) ብዙ የማይጠመዘዝ ግትር ብረት ነው። ከኋላ አንዱ ባሌስትራ ሲደክም ሻንሲው እንዳለ ወደዚያ ጎን ይዞራል፣ የፊቱንም ጥግ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ፊት ለፊት የወረደው ጥግ ምንም ላይጎድለው ይችላል። ቡሎኑን አጥብቆ ማቃናት አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ ላይ ሌላውን እግር እንደማስረዘም ነው፤ ላዩ ቢስተካከልም ክብደቱ በአራቱ እግር እኩል አያርፍም።

ጭነትና ጎማ

ከካሶኒው (ከኋላው የጭነት ቦታ) ላይ የመሣሪያ ሳጥን፣ ጀሪካንና የመጎተቻ ሰንሰለት ወረዱ፤ ሦስቱም በግራ ጥግ ነበሩ። ታንኩ 65 ሊትር ይይዛል፣ አሁን ግማሽ ላይ ነው። ናፍጣ በሊትር 0.84 ኪ.ግ ገደማ ስለሚመዝን ይህ 27 ኪ.ግ ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ክብደት 5 ሴ.ሜ አያጋድልም። ቢሆንም ሥራው እስኪያልቅ ነዳጅ አይጨመርም፤ በመሐል ከተጨመረ የኋለኛው መለኪያ ከፊተኛው ጋር መነጻጸሩ ይቀራል።

የጎማ አየር ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ተለካ። የኋላ ግራው 24 ፒ.ኤስ.አይ ሲሆን ሌሎቹ ከ33 እስከ 36 ናቸው። አራቱም 35 ተደረጉ። ከመሬት እስከ ጎማው መሐል ያለው ከፍታ በኋላ ግራ ከ331 ወደ 338 ሚ.ሜ ወጣ። ቀኙ 341 ነው።

የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር በአራቱም አንድ መሆኑ ታየ። ይህን ማየት ሞኝነት የሚመስለው ሰው አለ። 205/70 R15 እና 215/75 R15 ጎን ለጎን ቢገጠሙ በጎማው መሐል ከፍታ ላይ 18 ሚ.ሜ ገደማ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህ ብቻውን መኪና ያጋድላል። መጠኑ አንድ ሆኖ አንዱ አዲስ ሌላው የተበላ ከሆነም የጥርሱ ልዩነት 6 ሚ.ሜ ሊደርስ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የኋላ ጎማዎችን ግራና ቀኝ ቀያይሮ ማጋደሉ አብሮ መቀየሩን ማየት ነው።

መለኪያ

በፓራፋንጎ ጠርዝ መለካት ለመነሻ ያህል ካልሆነ አይጠቅምም። ፓራፋንጎ ከግጭት በኋላ ተጎትቶ ሊሆን ይችላል፤ ጋቢናውም ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በጎማ ትራስ ነው። ስለዚህ በሻንሲው በራሱ ላይ አራት ነጥብ ተመረጠ፦ ሁለቱ ከፊት ጎማ ኋላ፣ ሁለቱ ከኋላ አክስል ፊት፣ ሁሉም በሻንሲው ታችኛ ገጽ። ዝገቱ በብሩሽ ተጠርጎ በቀለም ምልክት ተደረገ። ምልክት የሌለበት ነጥብ በሚቀጥለው ጊዜ በ2 ሴ.ሜ ፈቀቅ ይላል፣ መለኪያውም ይዋሻል።

ከፍታውን ያነበብነው በውሃ ልክ ቱቦ ነው። ግልጽ ቱቦ ውሃ ተሞልቶ አየር እንዳይኖርበት ከተደረገ 1 ሚ.ሜ ድረስ ይታመናል። ወለሉ ተዳፋት ስለሚኖረው መጀመሪያ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ቆሞ ተለካ፣ ከዚያ ዞሮ ጎማዎቹ በዚያው ቦታ ላይ እንዲያርፉ ተደርጎ እንደገና ተለካ። የሁለቱ አማካይ የመኪናው ነው፤ የሚቀረው የወለሉ።

ከፊት በመጀመሪያው አቋቋም 22፣ ሲዞር 16 ሚ.ሜ ሆነ፤ አማካዩ 19። ከኋላ 29 እና 21፤ አማካዩ 25። በሁለቱም የወረደው ግራው ነው።

ባሌስትራ በብረቶቹ መሐል ሰበቃ አለው። ከላይ ተጭኖ የተለቀቀ መኪና ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ወደ ላይ ተነስቶ የተለቀቀም ከፍ እንዳለ ይቀራል። ልዩነቱ በቀላሉ 10 ሚ.ሜ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ካሶኒውን ወደ ታች ገፍቶ በቀስታ በመልቀቅ፣ አንዴ ወደ ላይ ስቦ በቀስታ በመልቀቅ። እዚህ የሚጻፉት ቁጥሮች ሁሉ የሁለቱ አማካይ ናቸው። ክሪክ ላይ ወጥቶ የወረደ መኪናም ከመለካቱ በፊት ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ መነዳት አለበት፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተስበው መሬቱን ስለሚነክሱ ፊቱን ከፍ አድርገው ይይዙታል።

ቁጥሮቹ ሲነበቡ

የፊት ነጥቦቹ 760 ሚ.ሜ፣ የኋላዎቹ 1000 ሚ.ሜ ይራራቃሉ። 19 ለ760 ሲካፈል 0.025፤ 25 ለ1000 ሲካፈልም 0.025። ፊትና ኋላ ማጋደላቸው አንድ ነው ማለት ነው። በሚሊሜትር ብቻ ያየ ሰው «ኋላው ይብሳል» ይል ነበር፤ ነጥቦቹ ስለሚራራቁ ነው እንጂ አይብስም። ሻንሲው ራሱ ቢጠመዘዝ ኖሮ ሁለቱ ውጤቶች ይለያዩ ነበር። ይህ ካልኩሌተር ላይ የሚያልቅ ሥራ ሻንሲ ማቅኛ ላይ ከመውጣት ያድናል።

የፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ 1600 ሚ.ሜ ይራራቃል። በ0.025 ልክ ቢሆን 40 ሚ.ሜ መውረድ ነበረበት፣ የተለካው ግን 48 ነው። ትርፉ 8 ሚ.ሜ ከሻንሲው በላይ ካለ ነገር የመጣ ነው፤ ለጋቢናው ትራሶች ተመዘገበ።

በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ተለካ። ልዩነቱ 2 ሚ.ሜ ነው። የባሌስትራው መሐል ቡሎን ቢቆረጥ አክስሉ በዚያ ጎን ወደኋላ ወይም ወደፊት ይሸሽ ነበር፤ አልሸሸም።

አራት ሚዛን ያለው ሰው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ቢያስቀምጥ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን በአንድ ንባብ ያገኘዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የደከመው ጥግ የሚሸከመው ከድርሻው ያነሰ መሆኑን ነው። ኋላ ግራ ሲደክም፣ ከእሱ ጋር በሰያፍ ያለው ፊት ቀኝም ይቀልላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይከብዳሉ። ያጋደለው በጭነት ከሆነ ግን የግራዎቹ ሁለቱም ይከብዳሉ። እዚህ ሚዛን ስላልነበረ መንገዱ በክሪክ ነው።

ቶሎ የታለፉት

ስታብላይዘር ባር (የግራና የቀኝ ጎማን እገዳ የሚያያይዘው ዘንግ)፦ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ የግራው ማያያዣ ተፈታ። ቡሎኑ ሳይገፋ ወጣ፣ በጣት ተመልሶ ገባ። ከፍታው አልተለወጠም። ባሩ ቢጣመም ወይም አንዱ ማያያዣ ቢያጥር ቡሎኑ ቀዳዳው ላይ ተወጥሮ ይገኝ ነበር። ለሚቀጥሉት ፈተናዎች ተፈትቶ ቀረ።

ሾክ አብዞርበር፦ የዘይቱ ዓይነት ክብደት አይሸከምም፤ የጋዙ ዓይነት ትንሽ ይገፋል፣ ግን መኪና አያቃናም። አራቱም በታች በኩል ተራ በተራ ተፈቱ፣ አንዱም ከፍታ አልቀየረም። ከመካከላቸው ዘንጉ ታጥፎ የተነከሰ ቢኖር ኖሮ ሲፈታ መኪናው ይንቀሳቀስ ነበር። ላጋደለ መኪና ሾክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የአንድ ነጥብ ፈተና

የዚህ ሥራ ቁልፍ ይህ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ኋላው በሻንሲው መሐል በአንድ ነጥብ ብቻ ከተደገፈ ባሌስትራዎቹ መኪናውን ወደ የትኛውም ጎን መግፋት አይችሉም። የሚቀረው የፊቱ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በተቃራኒው።

ክሪኩ በኋላ አግዳሚ ብረቱ ትክክለኛ መሐል፣ በወፍራም የእንጨት ቁራጭ ላይ ሆኖ ገባ። መሐሉ በሜትር ተለክቶ በጠመኔ ተሰመረ፤ 3 ሴ.ሜ ፈቀቅ ካለ ውጤቱን ያበላሻል። ዲፈረንሻል ሥር ማስገባት ይቀላል፣ ነገር ግን በብዙ መኪና ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ መሐል ወደ አንድ ጎን ያፈነገጠ ነው። የኋላ ጎማዎች መሬት እስኪለቁ ተነሳ። በአንድ ነጥብ የቆመ መኪና ይወላወላል፤ ስለዚህ በሻንሲው ግራና ቀኝ ሁለት ማቆሚያ ብረቶች፣ ሻንሲውን ሳይነኩ 3 ሴ.ሜ ክፍተት ይዘው ተቀመጡ። የፊት ጎማዎች በሁለቱም በኩል ሽብልቅ ተደረገባቸው። ማንም ከሥር አልገባም፤ ንባቡ ከውጭ በቱቦው ነው።

ኋላው ነጻ ሲሆን የፊቱ ልዩነት ከ19 ወደ 4 ሚ.ሜ ወረደ።

መኪናው ወርዶ ተነዳ፣ ከዚያ ክሪኩ በፊት አግዳሚ መሐል ገባ። የፊት ጎማዎች ሲነሱ የኋላው ልዩነት ከ25 ወደ 44 ሚ.ሜ ከፋ።

ፊቱ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም የኋላውን ማጋደል ይዞ የሚከላከለው እሱ ነበር። የግራውን ቶርሽን ባር የሚያጠብቅ ሰው ፊት ግራንና ኋላ ቀኝን ያከብዳል፣ ፊት ቀኝን ያቀልላል። እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ የቀለለው ፊት ቀኝ ቀድሞ ይንሸራተታል፣ መኪናውም ወደ ግራ ይስባል። ያኔ ፍሬን ይመረመራል፣ አላይመንት ይሠራል፣ ምክንያቱም አይገኝም።

ኋላ ቀኝ፣ ከባሌስትራው በፊት

ከኋላ ሲታይ የቀኙ ሻክል (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው የሚያያይዘው ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ) ቡሎኖች አዲስ ናቸው፣ የግራዎቹ ዝገዋል። ቀኙ በቅርቡ ጎሚኒ (በባሌስትራው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የላስቲክ ቡሽ) ተቀይሮለታል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት የታወቀ ነው፦ ቡሎኖቹ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ይጠብቃሉ። የጎሚኒው ውስጠኛ ብረት በዚያ አቋም ተነክሶ ይያዛል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ የጎሚኒው ላስቲክ ይጠመዘዛል፣ ወደ ተንጠለጠለበት አቋም ለመመለስም ጎኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቆይቶ ጎሚኒው ይቀደዳል፤ እስከዚያ ግን መኪናው በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል።

መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ እንዳለ የሁለቱም ጎን ሻክልና የፊት ፔርኖ (ባሌስትራውን ከፊት የሚይዘው ፒን) ዳዶዎች አንድ አንድ ዙር ላሉ። የቀኙ ሲላላ የሚሰማ ድምፅ ሰጠ። ካሶኒው ተወዘወዘ፣ መኪናው ጥቂት ሜትር ሄዶ ተመለሰ፣ ዳዶዎቹ እዚያው መሬት ላይ ጠበቁ። የፊቱ የአንድ ነጥብ ፈተና ሲደገም 44ቱ 38 ሆነ። 6 ሚ.ሜ ከቀኝ ወረደ እንጂ ግራ አልወጣም። ወደ ግራ ላጋደለ መኪና ከምክንያቶቹ አንዱ በቀኝ ተገኘ።

ባሌስትራው ሳይወርድ

ሁለቱም ጎን አራት ዋና ብረትና አንድ ረዳት ወፍራም ብረት አላቸው። ቁጥሩ እኩል ሆነ ማለት ባሌስትራው እኩል ነው ማለት አይደለም። የእያንዳንዱ ውፍረት በካሊበር ተለካ፤ ዝገትና ጭቃ ካልተፋቀ ካሊበር አይታመንም። የግራው አራቱም 7 ሚ.ሜ ናቸው። በቀኝ ሦስተኛው ብረት 8 ሚ.ሜ ነው፤ ከሌላ መኪና ተወስዶ የገባ ነው።

1 ሚ.ሜ ትንሽ ይመስላል። የብረቱ ጥንካሬ ግን በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፦ 8 ለ7 ሲካፈል 1.14፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.49። ያ አንድ ብረት ከጓደኞቹ በግማሽ ያህል ይጠነክራል ማለት ነው። በአራት ብረት ላይ ሲከፋፈል የቀኙ ባሌስትራ 12 በመቶ ያህል ይበረታል። በባዶ ክብደት 60 ሚ.ሜ ለሚጎብጥ ባሌስትራ ይህ 7 ሚ.ሜ ያህል ከፍታ ነው።

ስብራት ፍለጋ በባትሪ መብራት ተደረገ። ከጎን የሚታይ ነገር የለም። ነገር ግን በግራ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር በሚያስሩት ዩ ቡሎኖች መሐል ካለው ሳህን ፊት ለፊት፣ በሁለተኛው ብረት ላይ ቀጭን ቀይ የዝገት መስመር አለ። ብረት ለብረት ሲፋተግ የሚወጣው ዱቄት ነው። ባሌስትራ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው፦ መሐል ቡሎኑ ያለበት ቀዳዳ ብረቱን አሳስቶታል፣ የሳህኑ ጠርዝም የመታጠፊያ መስመር ይሆናል። ዩ ቡሎን ሲላላ ደግሞ መሰበሩ ይባስ ይቀላል፤ የግራዎቹ ዳዶዎች ሲሞከሩ ያለ ትግል ዞሩ።

ሲወርድ

ሻንሲው በሁለት ማቆሚያ ብረት ላይ፣ አክስሉ በክሪክ ላይ። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አክስሉ ከ10 ሴ.ሜ በላይ አልወረደም። የዩ ቡሎን ዳዶዎች ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭተዋል፤ ሁለቱ ግን በመጋዝ ተቆረጡ። አያሳዝንም፤ የወጣ ዩ ቡሎን ጥርሱ ስለተለጠጠ ተመልሶ አይገባም።

ባሌስትራው ሞርሳ ላይ ሆኖ መሐል ቡሎኑ ሲፈታ ሁለተኛው ብረት ከቀዳዳው 3 ሴ.ሜ ወደ ፊት በኩል ለሁለት ተለያየ። የስብራቱ ፊት ሁለት መልክ አለው፦ ትልቁ ክፍል ጥቁርና ዝገት የለበሰ፣ ትንሹ ብሩህ። ስብራቱ ቀስ እያለ ብዙ ጊዜ ሲሄድ ቆይቶ በመጨረሻ በአንድ ምት አብቅቷል። መሐል ቡሎኑን ሲፈቱ ብረቶቹ ስለሚፈናጠሩ በሞርሳ ወይም በረጅም ቡሎን ተይዘው በቀስታ መላላት አለባቸው።

ጉብጠቱ የሚለካው ባሌስትራው ሳይበተን፣ መሬት ላይ ተኝቶ ነው። ክር ከአንዱ ጆሮ መሐል እስከ ሌላው ጆሮ መሐል ይወጠራል፣ ከክሩ እስከ ዋናው ብረት ያለው ርቀት መሐል ቡሎኑ ላይ ይነበባል። ቀኝ 142፣ ግራ 129 ሚ.ሜ። ስብራቱ ባይኖርም ግራው 13 ሚ.ሜ ተኝቷል።

አሁን ሒሳቡ ይገጥማል፦ የተኛው 13፣ የውፍረቱ 7፣ የስብራቱ በግምት ከ10 እስከ 15 (የኋላው ግማሽ አሁንም ስለሚሠራ የአንድ ሙሉ ብረት ጉድለት አይሆንም)፣ የቀረው የታንኩ ክብደት። ከ38ቱ ሳይብራራ የቀረ ነገር የለም። ቢቀር ኖሮ ፍለጋው ወደ ሻንሲው ይዞር ነበር። ባሌስትራው እንደወረደ ግን የፊተኛው ማንጠልጠያና የሻክሉ ማንጠልጠያ በብሩሽ ተጠርገው ስንጥቅ ታዩ፤ ከብየዳው ጫፍ የሚነሳ ስንጥቅ የዚህ ቦታ ልማድ ነው። ንጹህ ናቸው።

መጠገን ወይስ መለወጥ

የተሰበረውን አንድ ብረት መቀየር ስብራቱን ይመልሳል፣ የተኙትን ሦስቱን ግን አያነሳም። አዲሱ ብረት ብቻውን ቀጥ ብሎ ከተኙት ጋር ሲገባ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ እሱም ቶሎ ይሰበራል።

የተኛውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጉበጥ በብርድ ከተሠራ ለጊዜው ይረዳል፤ ከጭነት ጋር ግን ተመልሶ ይተኛል። በጋዝ አግሎ ማጉበጥ ፈጽሞ አይሆንም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ግሎ በዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና በልክ በመሞቅ ነው፤ በጋዝ የጋለው ቦታ ያን ያጣል። ወይ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል ወይ ይሰነጠቃል።

ውሳኔ፦ ሁለቱም ጎን በአንድ ላይ፣ የብረቱ ቁጥርና ውፍረት አንድ በሆነ አዲስ ባሌስትራ። የግራውን ብቻ መለወጥ አዲሱን ግራ ከተኛው ቀኝ ጋር ማጋባት ነው፤ ማጋደሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት መሬት ላይ በክር ተለኩ፦ 151 እና 150። ይህን ሳያደርጉ መግጠም አይገባም፤ ከአንድ ሳጥን የወጡ ጥንዶችም አንዳንዴ አይመሳሰሉም።

መግጠም

መሐል ቡሎኑ ከባሌስትራው መሐል ወደ ፊት ያደላ ነው፤ ፊተኛው ግማሽ አጭር ነው። ተገልብጦ ከገባ አክስሉ ይሸሻል። የመሐል ቡሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱ በጣት ተዳሰሰ። ራሱ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ዩ ቡሎን ከጠበቀ ይቆረጣል።

አዲስ ዩ ቡሎኖች በሰያፍ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር፣ በመመሪያው ልክ ጠበቁ። በሳህኑ ሁለቱም ጎን ከዳዶ በታች የሚተርፈው ጥርስ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከረዘመ ሳህኑ ተጣሟል።

የጎሚኒ ቡሎኖች መኪናው በጎማው መሬት ላይ እስኪቆም ድረስ በእጅ ብቻ ተያዙ። ወርዶ፣ ተወዝውዞ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ጠበቁ። የጎማ ጎሚኒ ግሪስ አይወድም፤ ለመግባት እንዲቀል የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ፊቱ በአንድ ነጥብ ተደግፎ የኋላው ልዩነት 3 ሚ.ሜ። በአራት ጎማ ሲቆም ከፊት 3፣ ከኋላ 4። ከአክስል እስከ ሻንሲ ያለው ክፍተት ከነበረበት ግራ 130፣ ቀኝ 153፣ አሁን ግራ 161፣ ቀኝ 164 ሆነ።

ፊት

አሁን ቶርሽን ባሩ ይነካል። በሾፌሩ ወንበር ላይ 75 ኪ.ግ አሸዋ በከረጢት ተቀመጠ። የፊቱ ልዩነት ከ3 ወደ 8፣ የኋላው ከ4 ወደ 10 ሄደ። መኪናው ሁልጊዜ ሾፌር ይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ባዶውን ብቻ ማቃናት ግማሽ ሥራ ነው፤ በሾፌር ልክ ሙሉ ለሙሉ ማቃናት ደግሞ ከላይ ወደተነገረው የሰያፍ ክብደት ይመልሳል።

የማስተካከያው ቡሎን ጥርስ ከዳዶው በላይ በግራ 38፣ በቀኝ 41 ሚ.ሜ ይተርፋል። ተመዘገበ። ቡሎኑ የሚዞረው የፊት ጎማ ከመሬት ተነስቶ ነው፤ ክብደት እንዳለበት ከዞረ ጥርሱ ይላጫል። ጥርሱ ተጠርጎ ግሪስ ተቀባ። ግማሽ ዙር፣ መውረድ፣ መንዳት፣ መለካት። በሁለተኛው ግማሽ ዙር ላይ ባዶ 0፣ ከአሸዋው ጋር 5 ሚ.ሜ ሆነ። እዚህ ቆመ።

ባሩን ማውጣት አላስፈለገም። ለሚያስፈልገው ሰው፦ ባሩ በፋብሪካ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀድሞ ስለተጠመዘዘ ግራና ቀኙ አይቀያየርም፤ ጫፉ ላይ ምልክት አለው። ከመውጣቱ በፊት ጥርሱና መያዣ ክንዱ በቀለም ይሰመርባቸው። ቡሎኑ ሳይላላ ክንዱን ማላቀቅ እጅ ይሰብራል።

ስታብላይዘር ባሩ ተመልሶ ተያያዘ፤ ቡሎኑ አሁንም በጣት ገባ። ከፍታ ስለተነካ አላይመንት የግድ ነው።

ጋቢና

ሻንሲው ተስተካክሎም ፓራፋንጎው በግራ 8 ሚ.ሜ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ትርፍ ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ እዚያው አለ። የግራ ትራሶች 25፣ የቀኞቹ 30 ሚ.ሜ ይወፍራሉ። የሾፌር መግቢያ ጎን ስለሆነ ይጠበቃል።

የግራዎቹ ቡሎኖች ወጡ፣ የቀኞቹ ላሉ እንጂ አልወጡም። ክሪኩ በረጅም ሳንቃ ላይ ሆኖ ከበሩ በታች ያለውን ጠርዝ ቀስ ብሎ አነሳ። 4 ሴ.ሜ ይበቃል። በማንሳት ላይ ሳለ የሚታዩት የመሪ ዘንጉ መጋጠሚያ፣ የራዲያተር ማራገቢያና ሽፋኑ፣ የፍሬን ቧንቧዎችና የማርሽ ዘንጉ ናቸው፤ ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር፣ ሽፋኑ ከጋቢናው ጋር ስለሚሄድ ቀድመው የሚጋጩት እነሱ ናቸው። ትራሶቹ በሁለቱም ጎን ተቀየሩ። የፓራፋንጎው ልዩነት 3 ሚ.ሜ።

ከሥራው በኋላ የቀሩ

የኋላ ፍሬን ግፊት በጭነት ልክ የሚቆጣጠረው ቫልቭ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው። ኋላው በ2 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ሲል ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ፍሬን ከሚገባው በላይ ይቀንሳል። የዘንጉ ርዝመት በመመሪያው ልክ ተስተካከለ። ባሌስትራ ቀይረው «ፍሬኑ ደከመ» የሚሉ ብዙዎች ይህን አይነኩትም።

የፊት መብራት አቅጣጫ ተስተካከለ፤ ፊቱ ከኋላው አንጻር ዝቅ ስላለ መብራቱ ወደ ታች ወርዶ ነበር።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቡሎኖቹ በልኩ ተፈተሹ፤ ከስምንቱ ዳዶዎች አምስቱ ሩብ ዙር ያህል ወሰዱ። አዲስ ባሌስትራ ስለሚቀመጥ ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ታንኩ ግማሽ ላይ ሆኖ በዚያው አራት ነጥብ ተለካ፦ ከፊት 1፣ ከኋላ 3 ሚ.ሜ። ኋላው በሁለቱም ጎን 7 ሚ.ሜ ወርዷል፤ የቫልቩ ዘንግም ለዚያው ልክ እንደገና ተነካ።